ለሱባኤ ጅማ

በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ለመመንኮስ ቆርጫለሁ። የመጀመሪያው ከአንድ የካሪዝማቲክ ጉባኤ ማግስት ነበር፤ ሁለት ሳምንት ቆየ። ሁለተኛው ካፑቺን የሚባሉትን የካቶሊክ መነኮሳት በቡናማ ልብሳቸው ካየሁ በኋላ መጣና ነጠላ ጫማ አስገዛኝ። ጫማው አሁንም አልጋ ሥር ነው። ሦስተኛው ሲመጣ የንስሐ አባቴ ዝርዝሩን እንኳን ሳይሰሙ «ጅማ ሂጂና ሦስት ቀን ዝም በዪ» አሉኝ።

መንገዱ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ንጋት 12 ሰዓት ተነሣን፤ ወልቂጤ ቁርስ በላን፤ የጊቤን ቁልቁለት በእንቅልፍ አለፍኩት። ጎማ ሁለት ጊዜ ተንፍሶብን ጅማ የገባነው ከመሸ ነው። የባጃጁ ልጅ 200 ብር አለኝ። ጨለማው፣ ዝናቡና የእጄ ሻንጣ ተደምረው ያወጡት ዋጋ መሆኑ ገብቶኝ ከፈልኩ። በማግስቱ ያንኑ መንገድ በ40 ብር ሄድኩት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ለድህነት መሐላ ምን ያህል እንደተዘጋጀሁ ከዚህ ይታወቅ።

የሱባኤ ቤቱ በር ተዘግቶ ስለነበር አንድ ርካሽ ማደሪያ አደርኩ። ከታች ሠርግ፣ አንሶላው ውስጥ ቁንጫ። ዘፈኑ የቆመው የንጋቱ አዛን ሲሰማ ነው። ጌታን አኩርፌ ተነሣሁ።

ጠዋት ቅዳሴ ገባሁ። እኔ ያደግኩት በግዕዝ ሥርዓት፣ በከበሮና በጸናጽል ነው፤ እዚህ ቅዳሴው በላቲን ሥርዓት ስለሆነ ገና ልቤን ሳልሰበስብ አለቀ። ቅር አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ ቅር ማለቴ ቅር አለኝ።

ትምህርቱን የሰጡን አረጋዊ የላዛሪስት ማኅበር ካህን ናቸው። ጅማ ስለሆነ በቡና መብሰል መስለው ያስተምሩናል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ደግነቱ አላደረጉትም። የነገሩን የኢየሱሳውያንን ማኅበር ስለመሠረተው ስለ ቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1521 ፓምፕሎና ላይ እግሩን መድፍ መትቶት ተኝቶ ሳለ ሁለት ዓይነት ሐሳብ ይመላለስበት ነበር፤ አንዱ የጀግንነትና ሊያገለግላት የሚመኛት ወይዘሮ፣ ሌላው የቅዱሳን ሕይወት። ሲያስባቸው ሁለቱም ይጣፍጡታል። ሲተዋቸው ግን አንዱ ባዶ ያደርገዋል፣ የሌላው ደስታ አብሮት ይቆያል። «እናንተ የምትነግሩኝ ሲጣፍጣችሁ የተሰማችሁን ነው» አሉ አባ፤ «ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ራሳችሁን እያመማችሁ፣ ምን እንደተረፈ ማንም አልነገረኝም።»

የእኔን ሦስቱን በዚህ ብመዝናቸው የተረፈው ጫማው ብቻ ነበር።

የምንኩስናን ሕግ ሲያብራሩ ደግሞ ትዕግሥቴ አለቀ። የኖቪሻት፣ ማለትም የጀማሪነት፣ ጊዜ ቢያንስ 12 ወር፣ ከዚያ ጊዜያዊ መሐላ ቢያንስ ሦስት ዓመት። አዲስ አበባ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሃያ ደቂቃ የሚያነጫንጨኝ ሰው ነኝ። ፊቴን አይተው መሰለኝ፣ የማኅበራቸውን መሥራች አነሡ። ቪንሰንት ደ ፖል እ.ኤ.አ. በ1600 ሲቀሰስ ገና ወጣት ነበር፤ የሚፈልገውም ቤተሰቡን የሚረዳበት ጥሩ ገቢ ነበር። ድሆቹ ልቡን የያዙት በ1617 ነው፤ ማኅበሩን የመሠረተው በ1625። ይህ ከኢግናጥዮስ ይልቅ አጽናናኝ። በተሳሳተ ምክንያት ገብቶም እውነተኛውን ማግኘት ይቻላል ማለት ነው። አባ ግን «ይህን ለመግቢያ ሰበብ እንዳታደርጊው» አሉኝ። እንዴት እንዳወቁብኝ እንጃ።

ሁለተኛው ቀን ዘነበ፤ ሌላ የማስታውሰው የለም።

በሦስተኛው ቀን ከወጥ ቤት ጀርባ አንዲት አሮጊት ሲስተር ከአንድ ግንድ በተፈለፈለ የጅማ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሽንኩርት ሲልጡ አገኘኋቸው። አጠገባቸው አንድ ጆንያ አለ። የአውራ ጣታቸው ጥፍር ጠቁሮ ለሁለት ተሰንጥቋል፤ ቢላዋው ከመሳሉ ብዛት ቀጥኗል። ሳልጠየቅ ተቀመጥኩ። ዝምታውን የጣስኩት እኔ ነኝ።

«ሲስተር፣ ያ የመጀመሪያው ሙቀት አሁንም አለ?»

ቀና ብለው አዩኝ። «የምን ሙቀት? ዛሬ ጠዋት ሁሉን ትቼ እኅቴ ቤት በሄድኩ ብዬ ነበር።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ልጆቹ ምሳ አላቸው። ወፍራም አድርገሽ አትላጪው፣ ልጄ፤ ግማሹን እኮ ጣልሽው።»

እስከ እኩለ ቀን አብረን ላጥን። ምንም የተለየ ስሜት አልመጣብኝም፤ ዓይኔን አቃጠለኝ፣ ወገቤን አመመኝ። ጆንያው ሳያልቅ የአውቶቡሴ ሰዓት ደረሰ።

ስመለስ ጊቤን ነቅቼ አየሁት። ለንስሐ አባቴ የምነግራቸውን በአእምሮዬ ማሳመር ጀምሬ ነበር፤ ወልቂጤ እስክንደርስ ግን ሐሳቤ ወደዚያ ጆንያ ይመለስብኝ ነበር፣ የቀረውን ሲስተር ብቻቸውን እየላጡት ይሆናል እያልኩ።