በሄይቲ ማሳደጊያዎች ልጆች ያላቸውን እንዴት ይካፈላሉ?

በሄይቲ የሕፃናት ማሳደጊያ የልጆችን ደግነት በቅርብ ማየት የሚፈልግ ሰው ምሳ ሰዓት ላይ ማዕድ ቤቱ አጠገብ ይቁም። የቀኑ ዋና ምግብ ምሳ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ዲሪ ኮሌ የሚሉት ሩዝ በቦሎቄ ይቀርባል። ለ30 ልጅ 3 ኪሎ ሩዝና 1 ኪሎ ቀይ ቦሎቄ ያስፈልጋል። ቦሎቄው ተዘፍዝፎ ያድርና ጠዋት ከሰል ላይ ይጣዳል። የተቀቀለበት ቀይ ውሃ አይደፋም፤ ሩዙ የሚበስለው በእሱ ነው። ነጭ ሽንኩርት፣ ጦስኝና ቅርንፉድ ይገባበታል፤ የሚያቃጥለው ቃሪያ ደግሞ ሳይከተፍ እንዳለ ላዩ ላይ ይቀመጣል። ሲማሰል ከፈነዳ ትንንሾቹ ምሳቸውን አይበሉም።

ውሃው ሲመጥ ከሰሉ ይቀነስና ድስቱ ይከደናል። ያኔ ሥሩ ላይ ቡናማ ቅርፊት ይይዛል፤ ግራተን ይሉታል። ልጆቹ ከሁሉም አብልጠው የሚወዱት እሱን ነው፤ ግን ለሁሉም አይበቃም። ወጥ ቤቷ ደስ ላላት ልጅ የምትሰጥ ከሆነ ጠብ አይጠፋም። በየቀኑ በተራ ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው፦ ተራው የደረሰው ልጅ ቅርፊቱን ይሰባብርና አጠገቡ ላሉት ያድላል፤ ነገ ሌላው እንደሚያቀምሰው ያውቃል። ልጅ እጁን የሚዘረጋው ነገም እንደሚበላ እርግጠኛ ሲሆን ነው።

አዲስ የመጣ ልጅ ዳቦ ፍራሽ ሥር ቢደብቅ ስርቆት አይደለም፤ ረሃብ ያስተማረው ጥንቃቄ ነው። መቅጣት መደበቁን ያባብሰዋል። ምግቡ በሰዓቱ ሲቀርብና ክዳን ያለው የግል ዕቃ ሲሰጠው ቀስ በቀስ ይተወዋል።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ትልልቆቹ ሴቶች ልጆች ትንንሾቹን ሹሩባ ይሠራሉ። ሰኞ ትምህርት ቤት ስለሆነ ሪባኑ ከዩኒፎርሙ ቀለም ጋር መግጠም አለበት፤ የጎደላት ከጓደኛዋ ትዋሳለች። ውሃ መቅዳት የሁሉም ሥራ ነው። ኮሌራ በ2010 እ.ኤ.አ. ከገባ ወዲህ የመጠጥ ውሃ ሳይታከም አይቀዳም፦ በጨርቅ ተጣርቶ ለ20 ሊትር ሽታ የሌለው ባለ 5 ወይም 6 በመቶ በረኪና 40 ጠብታ ይጨመርና 30 ደቂቃ ይቆያል። ውሃው ደፍርሶ ከሆነ መጠኑ እጥፍ ይሆናል።

በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1 ቀን፣ አገሪቱ በ1804 እ.ኤ.አ. ነፃነቷን ያወጀችበት ዕለት፣ የዱባ ሾርባው ሱፕ ጁሙ ይሠራል። በባርነት ዘመን ለጌቶች ብቻ የተፈቀደ ምግብ ስለነበር በዚያ ቀን ማንም ሳይቀምስ መዋል የለበትም። ስለዚህ ከድስቱ ለጎረቤትም ይቀዳል፤ ሳህኑን የሚያደርሱትም ልጆቹ ናቸው።

ይህን ሥርዓት በቀላሉ የሚያፈርሰው፣ የሚያሳዝነው ነገር፣ የእንግዳ ስጦታ ነው። 40 ልጅ ባለበት ቤት 10 ኳስ በእጅ ማደል ትልቁን ከትንሹ ያጋጫል፤ እንግዳውን የከበቡት ያገኛሉ፣ ዓይን አፋሩ ባዶ እጁን ይቀራል። ስጦታውን ለሞግዚቶቹ አስረክቡ፤ ሩዝ፣ ዘይትና ሳሙና ደግሞ እዚያው ገበያ ግዙ።

ከሁሉ በፊት ግን ስለ ወላጆቻቸው ጠይቁ። በሄይቲ ማሳደጊያዎች ከሚኖሩት ልጆች አብዛኞቹ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት አላቸው፤ ከቤት ያወጣቸው ድህነትና የትምህርት ቤት ክፍያ ነው። ክፍያውን በመሸፈን ብቻ ቤቱ ሊኖር የሚችል ልጅ ካለ፣ ገንዘቡ መሄድ ያለበት ወደዚያ ነው።