ሣሩ ነው የተለወጠው ወይስ ካሜራው?

በሰሜን ሸዋ ያለውን የመንዝ ጓሳ ጥብቅ ሥፍራ የሣር ሽፋን ከላንድሳት (መሬትን ከህዋ ከሚያነሱ የአሜሪካ ሳተላይቶች) ምስሎች ስከታተል ያወጣሁት ግራፍ እ.ኤ.አ. 2013 ላይ ድንገት ከፍ ይላል። ሣሩ በአንድ ክረምት የለመለመ ያስመስለዋል። ጓሳውን ሲጠብቁ ለኖሩ አንድ የመሐል ሜዳ አባት ግራፉን አሳየኋቸው። «አባባ፣ ያን ጊዜ የተለየ ነገር ነበር?»

«ኧረ ምንም! ጓሳ በአንድ ክረምት አይመለስም። ዓመታት ተከልክሎ ነው» አሉኝ።

ያ ዓመት ላንድሳት 8 የመጠቀበት ነው። ስለዚህ ሣሩን ትቼ ካሜራውን መመርመር ያዝኩ።

ካሜራ ህዋ ላይ ያረጃል። ክፋቱ፣ የሚፈተሽበት መሣሪያም አብሮት ያረጃል። እ.ኤ.አ. በ1984 የመጠቀው ላንድሳት 5 በውስጡ መፈተሻ አምፖሎች ነበሩት፤ እነሱ ራሳቸው እየተለወጡ አስቸገሩ። ነጋዴ ሚዛኑን በታወቀ ኪሎ ይፈትሻል፤ ኪሎው ከተሸራረፈስ? ባለሙያዎቹ ከሳተላይቱ ውጭ የማይለወጥ ነገር ፈለጉና ሰሃራን አገኙ። ሊቢያ 4 የሚባለው የአሸዋ ሜዳ አይታረስም፣ አይበቅልበትም፣ ዝናብም እምብዛም አያየውም። እ.ኤ.አ. በ2007 የላንድሳት 5 ሰማያዊና አረንጓዴ ባንዶች (ካሜራው ብርሃንን ከፋፍሎ የሚለካባቸው ክፍሎች) ልኬት የታረመው እንዲህ ባሉ በረሃዎች ነው። ላንድሳት 8 ደግሞ በየወሩ ካሜራውን ወደ ጨረቃ አዙሮ ይፈተሻል፤ እሷም እንደ በረሃው አትለወጥም። የላንድሳት 8 አምፖሎችም በቁጠባ ይሠራሉ፦ አንዱ ስብስብ አዘውትሮ ይበራል፣ ሌላው በየስድስት ወሩ ብቻ። ብዙ የበራው ሲደክም ከተቆጠበው ጋር ሲተያይ ይታወቃል። በጣም ደስ ያለኝ ዘዴ ይሄ ነው።

ወደ ሥራዬ ልመለስ። ከተለያየ ጊዜ የወረዱ ፋይሎችን መቀላቀል ትቼ ሁሉንም ከኮሌክሽን 2 (የላንድሳት ምስሎች በአንድ ወጥ ልኬት እንደገና ከተዘጋጁበት ስብስብ) ወሰድኩ። የጥር ምስሎችን ብቻ መረጥኩ፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ የፀሐይዋም ከፍታ ከዓመት ዓመት ይቀራረባል። ከዚያ ያንኑ ኮድ ሊቢያ 4 ላይ አስኬድኩት። በረሃው ላይ መስመሩ ካዘነበለ፣ መንዝ ላይ ያለውን ዝንባሌ ማመን አይቻልማ! መስመሩ ግን ቀጥ ብሎ ቆመ።

ታዲያ ዝላዩ ከየት መጣ? እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። በረሃ ስለ ካሜራ እርጅና ይነግርሃል እንጂ ስለ ሣር አይነግርህም። ከላንድሳት 8 በፊት የመጠቀው ላንድሳት 7 ከቀይ ባሻገር ያለውን፣ ለምለም ቅጠል አብዝቶ የሚያንጸባርቀውን ብርሃን በሰፊ ባንድ ይለካ ነበር፤ ላንድሳት 8 ግን በአየር ውስጥ ያለ እንፋሎት የሚውጠውን ክፍል ለመሸሽ ባንዱን አጥብቧል። በዚህ የተነሳ ያው ሣር በአዲሱ ካሜራ ትንሽ ለምልሞ ይታያል። ማንም አላረጀም፤ ዓይናቸው ነው የተለያየው።

ሁለቱ ሳተላይቶች አንድ ቦታ ላይ በ8 ቀን ልዩነት ያልፉ ነበር። እናም የአንድ ጥር ምስሎቻቸውን ከጓሳው ሣር ላይ እያጣመርኩ ማስተካከያ አወጣሁ። እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ ያሉት የላንድሳት 7 ምስሎች መረጃ የሌለባቸው ጥቁር መስመሮች ስላሉባቸው፣ በሁለቱም ላይ የሚታዩትን ነጥቦች ብቻ ያዝኩ። ዝላዩ ጠፋ ማለት ይቻላል። ደብረ ብርሃን ዙሪያ የባሕር ዛፉ መስፋፋት ግን ከማስተካከያውም በኋላ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

አሁን ካርታ ለማንም ስሰጥ፣ ምስሉ ከየትኛው ሳተላይትና ከየትኛው ኮሌክሽን እንደመጣ፣ ማስተካከያውንም ጭምር፣ እዚያው ግርጌው ላይ እጽፋለሁ። ሰው የግጦሽ መሬቱን የሚከለክለው ወይም የሚከፍተው በዚህ ካርታ ሊሆን ይችላል።