የሚቆራረጥ የኬብል ኔትወርክ፦ በሊኑክስ ኮምፒውተሬ ላይ ችግሩን እንዴት አገኘሁት

«ኢንተርኔት ጠፋ» ሲባል መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት አንድ ነገር ነው፦ የተቋረጠው የት ላይ ነው? ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ ይዘለዋል። ራውተሩን አጥፍቶ ያበራል፣ አገልግሎት ሰጪው ጋ ይደውላል፣ ካልሆነለትም ሲስተሙን እንደ አዲስ ይጭናል። እኔ ሱቄ ውስጥ ያለውን ኮምፒውተር እንዴት እንዳስተካከልኩ ልንገራችሁ። እንደ ዊንዶውስ ያለ ሌላ የኮምፒውተር ሲስተም የሆነውን ሊኑክስን የምትጠቀሙ ከሆነ በተለይ ይጠቅማችኋል፤ ሊኑክስ የሚሆነውን ሁሉ መዝግቦ ስለሚይዝ ግምት አያስፈልግም።

ሱቄ ጎንደር፣ ፒያሳ አካባቢ ነው። የኮምፒውተር ጽሕፈት፣ ኮፒና ፕሪንት እንሠራለን። ቤቱ በጣልያን ጊዜ የተሠራ ነው። ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ፊት ለፊት ያለው ራውተር ዋይፋዩ ወደ ኋላ ክፍል በደንብ አይደርስም። ስለዚህ የኋላው ዴስክቶፕ የተገናኘው በኬብል ነው። ኬብሉን ቤቱን ስከራይ ተዘርግቶ ነው ያገኘሁት። ኮምፒውተሩ ላይ የጫንኩት ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ነው። የማንም ፍላሽ ቀኑን ሙሉ ለሚሰካበት ሱቅ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

መቆራረጡ የጀመረው የመመረቂያ ጽሑፍ በሚበዛበት ሰሞን ነው። ተማሪው ከኢሜይሉ ፋይል ሊያወርድ ይቀመጣል፣ ግማሽ ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ከላይ ያለችው የኔትወርክ ምልክት ትጠፋለች፣ ትመለሳለች። አንዳንዴ ለሰዓታት ሰላም ነው። አንዳንዴ ደግሞ በላይ በላዩ ይቆራረጣል። ጭራሹን የሞተ ኔትወርክ ሳይሻል አይቀርም፤ ቢያንስ ስትፈልጉት እዚያው ታገኙታላችሁ።

በመጀመሪያ ከውጭ የሚመጣውን መስመር ፈተሽኩ። ዴስክቶፑ ተቋርጦ እያለ ስልኬ ከራውተሩ አጠገብ በዋይፋይ ቪዲዮ ያጫውታል። ለማረጋገጥ ሁለት ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ከፈትኩና በአንዱ ራውተሩን ማለትም 192.168.1.1ን፣ በሌላው ኢንተርኔት ላይ ያለውን የጉግል ሰርቨር 8.8.8.8ን ፒንግ ማድረግ ጀመርኩ፤ ፒንግ ትንሽ መልእክት እየላኩ መልስ መጠበቅ ነው። ሁለተኛው ብቻ ቢቆም ችግሩ ከራውተሩ ወዲያ ማዶ ነው። ሁለቱም አብረው ከቆሙ ግን ከራውተሩ ወዲህ፣ እኔው ቤት ነው። ሁለቱም እኩል ቆሙ።

ቀጥሎ ከርነሉን፣ ማለትም የሊኑክስን እምብርት፣ መጠየቅ ነው። ዲሜሴጅ የሚባል ትዕዛዝ አለ፤ በዲ፣ ኤም፣ ኢ፣ ኤስ፣ ጂ ነው የሚጻፈው። ካፒታል ቲ ስትጨምሩበት ሰዓቱንም ያሳያችኋል። ከፊቱ ሱዶ (የአስተዳዳሪ ፈቃድ የሚሰጠው ቃል) ያስፈልገው ይሆናል። የተቋረጠበትን ሰዓት ይዤ መዝገቡን ሳየው «ሊንክ ኢዝ ዳውን» ይላል፤ ግንኙነቱ ወደቀ ማለት ነው። ትንሽ ቆይቶ «ሊንክ ኢዝ አፕ»። እንደገና «ዳውን»።

እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ መንገዱ ለሁለት የሚከፈለው እዚህ ነው። ኔትወርኩ ተቋርጦ መዝገቡ ላይ «ዳውን» ካልተጻፈ ገመዱ ደህና ነው ማለት ይቻላል። ያኔ የአይፒ አድራሻ አሰጣጡን፣ ግንኙነቱን የሚያስተዳድረውን ፕሮግራም ኔትወርክ ማኔጀርን፣ ወይም አንድ አድራሻ የያዙ ሁለት ማሽኖች እንዳሉ ትፈልጋላችሁ። «ዳውን» ከተጻፈ ግን የኔትወርክ ካርዱ (ኬብሉ የሚሰካበት የኮምፒውተሩ ክፍል) በገመዱ በኩል የሚመጣው ምልክት ጠፍቶበታል። የሚቀሩት ኬብሉ፣ መሰኪያዎቹ፣ ካርዱ እና የካርዱ ድራይቨር፣ ማለትም ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ናቸው።

የኔ ካርድ ሪልቴክ የሚባለው ዓይነት ነው። ሪልቴክ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ ድራይቨሩን ይጠረጥራል፤ ከሊኑክስ ጋር የሚመጣውን አር 8169 አውጥተህ አር 8168 ጫን ይላችኋል። አንዳንዴ እውነትም መፍትሔው እሱ ይሆናል። የኃይል ቁጠባውን አጥፋው የሚልም አለ፤ ኢኢኢ ይባላል፣ ገመዱ ላይ ሥራ ሲጠፋ ካርዱን የሚያስተኛ ነገር ነው። እሱን አጠፋሁት፤ ለውጥ የለም። ስለዚህ ወደነበረበት መለስኩት። ይሄ መመለስ የሚባለው ነገር ትልቅ ነው። ሦስት ነገር ባንዴ ቀይራችሁ ቢስተካከል የትኛው እንዳዳናችሁ አታውቁም። ነገ ሲመለስም ከዜሮ ትጀምራላችሁ።

ድራይቨሩን ከመንካቴ በፊት ዴስክቶፑን ተሸክሜ ራውተሩ ጎን አስቀመጥኩትና ከፋብሪካ በመጣ አጭር ኬብል፣ ራውተሩ ላይ በዚያው ቀዳዳ አገናኘሁት። ያው ካርድ፣ ያው ድራይቨር፣ ያው ራውተር። ቀኑን ሙሉ ስንሠራበት ዋልን፤ አንድም «ዳውን» የለም። ግድግዳውን ይዞ የሚሄደው ኬብል ብቻ ቀረ።

ሌላም ምልክት ነበር። ኢትቱል የሚባለው ትዕዛዝ ካርዱ በስንት ፍጥነት እንደተገናኘ ይነግራችኋል፤ አጻጻፉ ኢ፣ ቲ፣ ኤች ብሎ ቱል ነው። የኔ አንዴ 1000 ሜጋቢት ይላል፣ አንዴ 100። ኬብሉ ውስጥ ስምንት ሽቦ፣ ማለትም አራት ጥንድ አለ። 100 የሚሠራው በሁለት ጥንድ ብቻ ነው፤ በተለመደው አደራደር ብርቱካናማውና አረንጓዴው ናቸው። 1000 ግን አራቱንም ይፈልጋል። ካርዱና ራውተሩ በስንት ፍጥነት እንሥራ ብለው የሚነጋገሩት ደግሞ በነዚያው በብርቱካናማውና በአረንጓዴው ነው። እንግዲህ ሰማያዊው ወይም ቡናማው ቢጎዳ ሁለቱ «በ1000 እንሥራ» ብለው ይስማማሉ፣ ሊሠሩ ሲሉ ይከሽፋል፣ እንደገና ይነጋገራሉ። መነሳትና መውደቁ ከዚህ ነው የሚመጣው። አንዳንድ ካርድ ሲሰለቸው በራሱ ወደ 100 ይወርዳል።

ኬብሉ የተበላሸበትን ቦታ ያገኘነው አብራኝ ከምትሠራው ልጅ ጋር ነው። ዲሜሴጅ ላይ ስሞል ደብልዩ ስትጨምሩበት አይዘጋም፤ አዲስ ነገር ሲፈጠር እዚያው ይጽፋል። እኔ ስክሪኑ ላይ ቁጭ አልኩ፤ እሷ ኬብሉን ከራውተሩ ጀምራ በእጇ እየነካካች መጣች።

«እዚህ ጋስ ጋሼ?»

«ምንም የለም፤ ቀጥይ።»

የኋላው በር መቃን ጋ ስትደርስ «ሊንክ ኢዝ ዳውን» አለ። ለቀቀችው፤ ተመለሰ። በሩን ዘጋችው፤ ጠፋ። ከፈተችው፤ መጣ። ኬብሉ ያለፈው በበሩና በመቃኑ መሀል ነበር። በር በተዘጋ ቁጥር ይጨፈለቃል።

ግን በር የጨፈለቀው ኬብል ሁሉ አይሰበርም። ቆርጬ ላስቲኩን ገፈፍኩና ሽቦውን በምላጭ ፋቅ ፋቅ አደረግሁት። ከላይ የመዳብ ቀለም ነው፤ ሥሩ ብር መሰለ። አሉሚኒየም ነው፣ መዳቡ ቅብ ብቻ ነው። ቡናማው ሽቦ መታጠፊያው ላይ ተሰንጥቆ በላስቲኩ ብቻ ተይዟል። አሉሚኒየም ደጋግመው ሲያጥፉት ቶሎ ይሰበራል። ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙም የመዳብን 60 በመቶ ገደማ ነው። የኬብል ደረጃዎች የሚጠይቁት ንጹሕ መዳብ ነው፤ ላዩ ላይ «ካት 5ኢ» የሚል የደረጃ ስም መታተሙ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ይሄ ነገር ያናድደኛል። ገዢው የሚያየው ላስቲኩን ብቻ ነው፣ ሽቦው ደግሞ ግድግዳ ላይ ተቸንክሮ ዓመታት ሊቀመጥ ነው።

አዲስ እስክገዛ ሥራ መቆም ስለሌለበት የተቆረጠውን ጫፍ መልሼ አሠርኩና በኢትቱል ፍጥነቱን በ100 ወሰንኩት። ብርቱካናማውና አረንጓዴው ደህና ስለነበሩ መቆራረጡ ቆመ። ለአንድ ሱቅ ኢንተርኔት 100 ይበቃል። ይህን ስታደርጉ ራስ ሰር ድርድሩን፣ ማለትም ቅድም ያልኩትን የካርዱንና የራውተሩን ንግግር፣ አታጥፉት፤ እሱ ከጠፋ አንዱ ጫፍ በአንድ ጊዜ መላክም መቀበልም ይችላል፣ ሌላው ተራ እየጠበቀ ይሠራል፣ ኔትወርኩ ከበፊቱ ይብሳል። ትዕዛዙ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ይረሳል፤ እንዲቆይ ከፈለጋችሁ ኔትወርክ ማኔጀር ውስጥ አስገቡት።

ኬብል ልገዛ አራዳ ወረድኩ። ባለሱቁ ትልቅ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ ጫፉን በምላጭ ትንሽ ብፍቀው ቅር ይልዎታል?» አልኳቸው።

«ምን ቅር ይለኛል ልጄ፣ ፋቀው። ንጹሑን ከፈለግክ ግን ይኸኛው ነው» ብለው ከታች ሌላ ካርቶን አወጡ። ገና ሳነሳው ክብደቱ ነገረኝ። መዳብ ከአሉሚኒየም ከሦስት እጥፍ በላይ ይከብዳል፤ ሁለቱን ካርቶኖች ጎን ለጎን ካነሳችሁ ምላጭም አያስፈልግም። ዋጋው ይጨምራል፤ እኔ ሳልከራከር ከፈልኩ።

ጫፉን ስታሥሩ ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። ሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ይሁን። የተገመደውን ከ13 ሚሊሜትር በላይ አትፍቱት፤ መገመዱ ነው ከውጭ የሚመጣውን ረብሻ የሚከላከለው። ከመብራት ገመድ ጋርም አጣብቃችሁ አትውሰዱት።

አዲሱ ኬብል በበሩ አያልፍም። ከመቃኑ በላይ ግድግዳውን አስበስቼ በፕላስቲክ ቱቦ አሳለፍኩት። ከዚያ ወዲህ ኢትቱል 1000 ነው የሚለው፣ የስሕተት ቆጣሪውም ዜሮ ላይ ነው። ወደ ሒሳብ መቀበያው ኮምፒውተር የሚሄደውም ከዚያው ከአሮጌው ዓይነት ነው። እስካሁን አልተቆራረጠም። ቢሆንም ከካርቶኑ የተረፈኝ ስለሚበቃ እሱንም እቀይረዋለሁ።