የዘንድሮ ልጆች ምት የላቸውም

የተጠራሁት ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ እንዳጠፋ ነበር። ኮምፒውተሩ አዲስ ነው። ራሙ 32 ጊጋ ነው። ቅጂ መሃል ላይ ግን ጠቅ ይላል፣ ጭርር ይላል። የስቱዲዮው ባለቤት ተበሳጭቷል። «አሮጌው ዘገምተኛ ነው ተብዬ ቀየርኩ፤ አዲሱ ደግሞ ይንጫጫል» አለኝ በስልክ። እውነቱን ለመናገር እንዲህ ዓይነት ስልክ ሲደወልልኝ ደስ ይለኛል። ጠቅታ አብዛኛውን ጊዜ ቀላል እንጀራ ነው።

ያን ቀንም ቀላል ነበር። ሌተንሲሞን የምትባለውን መመርመሪያ ከፈትኩ። ብዙም ሳይቆይ የዋይፋዩ ድራይቨር፣ ማለትም ዕቃውን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው ሶፍትዌር፣ ፕሮሰሰሩን አላስነቃንቅ ብሎ ሲይዘው አየሁ። ፕሮሰሰሩ ፈጣን መሆኑ እዚህ ላይ አይፈይድም። ድምፅ ቀጠሮ የማያሻግር ነገር ነው፤ በሰዓቱ ካልቀረበ ጠቅ ይላል። በቅጂ ሰዓት ዋይፋዩን ማጥፋት፣ ኃይል ቁጠባውን ማንሳት፣ ዩኤስቢው እንዳይተኛ ማድረግ፣ ኢንተርፌሱን፣ ማለትም ማይክና ሄድፎኑን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘውን ሣጥን፣ ከዩኤስቢ ማባዣው (ከሃብ) ነቅሎ በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ መሰካት። በቃ። ሒሳቤን ተቀብዬ ብወጣ ኖሮ የምጽፈው ነገር አይኖረኝም ነበር።

ቦርሳዬን ስዘጋ ድምፃዊቷ ከመቅጃ ክፍሉ በር ላይ ብቅ አለች። «ወንድሜ፣ እግረ መንገድህን ድምፄ ከኋላዬ የሚመጣውን ነገር ታይልኛለህ?»

እኔ አፌን ሳልከፍት ጋሼ መለሱላት። «እሱ የኮምፒውተር ጉዳይ አይደለም። ስንቴ ልንገርሽ?»

ጋሼ የቤቱ የድምፅ ባለሙያ ናቸው። ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው፣ እኔም እንደዚያው። በሪል ቴፕ የጀመሩ ሰው ናቸው። ጆሯቸውን የማያከብር የለም። አንቱ እያልኩ የምጽፈው ለአሽሙር አይደለም፤ ይገባቸዋል። ቂሜ ሌላ ነው።

«አዲሱን ኮምፒውተር ማን ነው ያዘጋጀው?» አልኩ።

«እኔ ነኛ። ሁሉንም ራሴ ነኝ የጫንኩት።»

«የኢንተርፌሱን ድራይቨርም?»

«ድምፅ ይወጣል አይደል? ድምፅ ወጣ ማለት ተጫነ ማለት ነው።»

ይቺን አባባል ብዙ ቦታ ሰምቻታለሁ። ድምፁ የወጣው ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ እንዲህ ላሉ የዩኤስቢ ኢንተርፌሶች የሚሆን የራሱ ድራይቨር አለው። ሲሰኩት ቲን ይላል፣ ያውቀዋል፣ ዘፈን ያጫውታል። ለማዳመጥ ይበቃል። ለመቅዳት ግን የሚፈለገው አሲዮ ነው። ስታይንበርግ የተባለው ኩባንያ ይህንን አሠራር ያወጣው የመቅጃ ሶፍትዌሩ በዊንዶውስ የድምፅ መደባለቂያ ውስጥ ሳያልፍ በቀጥታ ከዕቃው ጋር እንዲነጋገር ነው። የኢንተርፌሱ አምራች ደግሞ የራሱን አሲዮ ድራይቨር በነፃ አስቀምጦታል። ማንም አላወረደውም።

የመቅጃ ሶፍትዌሩ ኪዩቤዝ ላይ የድምፅ ማዋቀሪያውን ገጽ ከፈትኩ። የተመረጠው አሲዮ ፎር ኦል ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። አሲዮ ፎር ኦል መጥፎ ዕቃ አይደለም። የራሱ አሲዮ ለሌለው ላፕቶፕ አውጪኝ ነው፤ ስንቱን ቤት አሠርቷል። ነገር ግን በዊንዶውስ ድራይቨር ላይ የተደረበ አስተርጓሚ ነው። ዕቃው ውስጥ የሚባክነውን ጊዜ ሁልጊዜ አያውቅም። ጋሼ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ ከመጣው ሳውንድ ካርድ በቀር ሌላ ባልነበረበት ዘመን ለምደውታል። ከዚያ ወዲህ የነኩት ኮምፒውተር ላይ ሁሉ መጀመሪያ የሚጭኑት እሱን ነው።

ቡፈሩ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ድምፁን እያጠራቀመ የሚያስኬድበት ቋት፣ 512 ሳምፕል (የድምፅ ናሙና) ላይ ነበር። ጠቅታውን ለመሸሽ ከፍ አድርገውት ነው። በሰከንድ 48 ሺህ ሳምፕል ሲቀዳ 512 ማለት በአንድ አቅጣጫ ወደ 11 ሚሊ ሰከንድ ነው። መግቢያና መውጫ ሲደመር 22 ገደማ ይሆናል፤ ገጹም የሚለው ያንኑ ነው። ይሄ ብቻውን ዘፋኝን ለማወክ ይበቃል። ሰው የገዛ ድምፁን በአጥንቱ ወዲያው ይሰማል፤ ሄድፎኑ ዘግይቶ ሲደግምለት ይደናገራል። ኢንተርፌሱ ላይ ድምፅን ኮምፒውተር ውስጥ ሳያስገባ ወደ ሄድፎን የሚመልስ ቁልፍ ነበረ። ጋሼ አጥፍተውታል። «በደረቁ አልዘፍንም ብላ ነው፤ ሪቨርብ፣ ማስተጋቢያ ትፈልጋለች» አሉ። እሱስ እውነት ነው፤ ብዙዎቹ በደረቁ አይዘፍኑም።

«እና ድምፄ ከኋላዬ ይመጣል ስትል እውነቷን ነው» አልኩ።

«አይደለም። ለምን እንዳይደለ ላሳይህ?» አሉና ወንበራቸውን ሳቡ።

አንድ ዘፈን ከፈቱ። የድምፁን ሞገድ አጉልተው አቀረቡት። ከላይ የምት መጠበቂያው ክሊክ፣ ከታች የእሷ ድምፅ። በእርሳስ ጫፍ ስክሪኑን ነካ ነካ አደረጉ። «ይኸው ምቱ። ይኸው የእሷ መግቢያ። አየህ? ወደ ኋላ ቀርታለች። ሄድፎኑ አይደለም የሚዘገየው፤ እሷ ናት።» ከዚያ አንድ ቁልፍ ተጫኑ፤ ቅጂው እመር ብሎ ወደ ግራ ተጠጋ። «አሁን ስማው።»

ሰማሁት። ቁጭ ብሏል። እንከን የለውም።

«ስንት ነው የሳቡት?»

«ሃያ ሚሊ ሰከንድ። ቁልፍ ሠርቼለታለሁ። ይቺን ልጅ አውቃታለሁ፤ ሁልጊዜ ሃያ ናት።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

«ፈጣን ዘፈን ላይም?»

«ፈጣኑም ላይ፣ ዝግ ያለውም ላይ። ጠባይዋ ነው።»

ልቤ መምታት የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ቀስ ብዬ «ቤዝ የሚመታው ልጅስ?» አልኩ።

«እሱም ያው ነው፣ እሱንም እስበዋለሁ። ጊታሩንም። ምን መሰለህ፣» አሉና ወንበራቸውን ወደኔ አዞሩ፣ «የዘንድሮ ልጆች ምት የላቸውም።»

ሳቄን ለመያዝ ጎንበስ ብዬ ኬብል የማይ መሰልኩ። ድምፃዊቷ ስልኳን መነካካት ትታ ታየኛለች። አንድ ትውልድ ሙሉ፣ በሁሉም መሣሪያ፣ በሁሉም ፍጥነት፣ እኩል ሃያ ሚሊ ሰከንድ ዘግይቷል! ሰው ሲዘገይ እንዲህ አይዘገይም። አንዴ አምስት ይቀራል፣ አንዴ ሰላሳ፣ ሲነሽጠው ደግሞ ይቀድማል። ሁሉም ሰው አንድ ላይ እኩል ከዘገየ የሚጠየቀው ሰው አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመቅጃ ሶፍትዌር ድምፅ ዘግይቶ እንደሚደርሰው ያውቃል። ስለዚህ የተቀዳውን በራሱ ወደ ግራ ስቦ ቦታው ላይ ያስቀምጠዋል። ስንት እንደሚስብ የሚነግረው ድራይቨሩ ነው። ድራይቨሩ 22 ካለው 22 ይስባል። እውነተኛው መዘግየት 43 ከሆነ ግን የቀረው 21 ዘፋኙ ላይ ይላከካል። ለዘፋኝ ደግሞ ጠበቃ የለውም።

ይሄን ሁሉ በአፍ ብናገር አይሰሙኝም ነበር። «ጋሼ፣ አጭር ኬብል አለ?» አልኩ። ሰጡኝ። አንዱን ጫፍ መውጫው ላይ፣ ሌላውን መግቢያው ላይ ሰካሁ። ክሊኩን ራሱን በኬብል አዙሬ መልሼ ቀዳሁት። ማይክ የለም፣ ዘፋኝ የለም፣ የዘንድሮ ልጅ የለም። ክሊኩ ራሱን ነው የሚቀዳው። ትክክል ቢሆን ሁለቱ አንዱ በሌላው ሥር መደርደር አለባቸው።

አጎላሁት። ክሊኩ ከራሱ ወደ ኋላ ቀርቷል። ልዩነቱን ለካሁት፤ 1008 ሳምፕል። ለ48 ሺህ ሲካፈል ልክ 21 ሚሊ ሰከንድ። ድምፅ በዚያ ጊዜ ሰባት ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ልጅቷ ወዲያ ሰባት ሜትር ርቆ ከቆመ ስፒከር ጋር እንደምትዘፍን ሰው ሆና ከርማለች ማለት ነው፤ ያውም ድራይቨሩ ያመነውን 22 ሳንጨምር።

ክፍሉ ውስጥ የሚናገር ጠፋ። ድምፃዊቷ ነገሩ ገብቷታል። «ጋሼ፣ ክሊኩም ምት የለውም እንዴ?» አለች።

ጋሼ አልሳቁም። መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፍተው ቁጥሩን ትኩር ብለው አዩት። ይቅርታ የጠበቅን ሁለታችን ነበርን። ከዚያ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «እኔም እኮ ሃያ ነው ያልኩት። አንዷን ነው የሳትኳት።»

ይሄን መልስ ለብዙ ጊዜ ሳብሰለስለው ቆይቻለሁ። በአንድ በኩል ያናድዳል። ልጅቷ ጆሮሽን ታከሚ ተብላ ነበር እኮ። ቤዝ ተጫዋቹ በሌለበት ስሙ ጠፍቷል። ባለቤቱ ኮምፒውተር ቀይሯል። በሌላ በኩል ግን፣ እንካድ ካላልን በቀር፣ 21ን በጆሮ ብቻ 20 ማለት ቀልድ አይደለም። እኔ ያለ ኬብልና ያለ ስክሪን አላደርገውም። ሰውየው ኮምፒውተሩን ያለ ምንም መሣሪያ ለክተውታል። ፍርዱን ነው ለሰው የሰጡት።

የቀረው ሥራ ብዙ አይወራለትም። ኢንተርፌሱን ነቀልኩ፣ የአምራቹን ድራይቨር ጫንኩ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁ፣ ሰካሁት። ኪዩቤዝ ላይ እሱን መረጥኩ። የዊንዶውስን ድምፅ ወደ ኮምፒውተሩ የራሱ ካርድ አዛወርኩ፤ የመልእክት ማሳወቂያ በሰው ሄድፎን ውስጥ ቲን እንዳይል። ቡፈሩን 128 አደረግኩት፤ በአንድ አቅጣጫ ከ3 ሚሊ ሰከንድ በታች። ዋይፋዩ ስለጠፋ ጠቅታው አልተመለሰም። በኬብሉ ደግሜ ቀዳሁ። ሁለቱ ክሊኮች ተደራረቡ።

ልጅቷ ገብታ ሁለት ስንኝ አለችና አቆመች። በመስታወቱ በኩል አውራ ጣቷን አሳየችኝ። ጋሼ ወደ ሌላ እያዩ «ዛሬ ድምፅሽ ተከፍቷል» አሏት። ድራይቨር የሚለው ቃል ከአፋቸው አልወጣም።

ባለቤቱ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ታሪክ ሆነ። «ተስተካከለ?» አለ። ጋሼ ቀደሙኝ። «አዎ፣ የሆነች 21 ሚሊ ሰከንድ ነበረች፤ አገኘናት» አሉት። አገኘናት! እኔም ዝም አልኩ። ሒሳቤን የሚከፍለኝ እሱ ነው። ደግሞም 20ዋን አግኝተዋታል፤ የኔ ድርሻ አንዷ ናት።

ለራሴ የያዝኩት ነገር ቢኖር አንድ ነው፤ ከአሁን በኋላ ኬብሉን አዙሬ ሳልቀዳ ከየትም ስቱዲዮ አልወጣም። ድራይቨሩ የሚለውን ቁጥር አልሰማም፤ የባለሙያውንም፣ የዘፋኙንም እንደዚያው። የሚለካ ነገር ላይ ሽምግልና ምን ያደርጋል? ብዬ ነበር። ችግሩ ይሄ የሚሠራው ለማሽን ብቻ ነው።

በቀደም ድምፃዊቷ ደወለች። «ወንድሜ፣ ሌላ ጣጣ መጣ። ሄድፎኑ ልክ ነው፣ ሲቀዳም ልክ ነው። ሥራው አልቆ ስሰማው ግን ከምቱ ቀድሜ ነው የምገባው። ጋሼ ደግሞ ምን ሆነሽ ነው፣ ዘንድሮ ትቸኩያለሽ እያሉኝ ነው።»

«ስንት ነው የምትቸኩዪው?»

ከኋላዋ ማንን እንደጠየቀች ባላውቅም መልሱ ወዲያው መጣ። «ሃያ ነው አሉ። ሁልጊዜ።»

«ቁልፏን ዛሬም ይጫኗታል?»

«መቅዳት ባቆምኩ ቁጥር» አለችኝ።