ሽማግሌው ዛፍ

የእህቴ ልጅ ሲድኒ ላይ ልታገባ ነው ሲባል በደስታ ሄድኩ። ቅር ያለኝ አንድ ነገር ነበር። ሠርጉን የሚመሩት ሴትዮ ቀብርም ይመራሉ አሉኝ። እኛ ጋ ሙሽራ ባለበት ቤት የሞት ወሬ አይነሳም። ለሥራቸው ያወጡት ስም ደግሞ የዛፍ ነው፤ ባንክሲያ የሚል ቃል አለበት። «ለምን ዛፍ?» ብላት ልጅቷ «እቴቴ፣ ስታገኚያቸው ራስሽ ጠይቂያቸው» አለችኝ።

በረራው ረጅም ነው፤ ይለፈኝ። ሲድኒ ዳር፣ ባሕሩ አጠገብ ባለችው ክሮኑላ ያደርኩባት የመጀመሪያዋ ሌሊት ግን አትረሳኝም። 160 ዶላር የከፈልኩበት ክፍል መስኮቱ አይዘጋም። ሚያዝያ እነሱ ጋ ብርዱ የሚጀምርበት ወር ነው። ጋቢዬን ተከናንቤ ቁጭ ብዬ አነጋሁ። ጠዋት ለእንግዳ ተቀባዩ ስነግረው «ይቅርታ» አለና ወደ ስልኩ ተመለሰ። አገሬ ቢሆን እንግዳ በብርድ አድሮ ቢያንስ ትኩስ ነገር ይቀርብለታል። አንጀቴ አረረ።

ንዴቴ የበረደው ሠርጉ ወዳለበት፣ ከውኃው ማዶ ወዳለችው ቡንዲና መንደር በምታሻግረው ጀልባ ላይ ነው። አንድ አዛውንት ስንቀጠቀጥ አይተው ከፔርሙሳቸው ሻይ ቀዱልኝ። ማን እንደሆንኩ እንኳን አልጠየቁኝም።

ሠርጉ እ.ኤ.አ. በ1879 በተከለለው ሮያል ብሔራዊ ፓርክ ጠርዝ፣ ከባሕሩ በላይ ነበር። ሴትየዋ ቀድመው ደርሰዋል። ስድሳ ዓመት ይሆናቸዋል። ጥያቄዬን ሳነሳ ከቦርሳቸው አንድ ጥቁር ነገር አውጥተው እጄ ላይ አስቀመጡት። የባንክሲያ ፍሬ ነው። የጡጫ ያህላል፤ እንጨት እንጂ ፍሬ አይመስልም። ዙሪያውን የተከፈቱ ከንፈሮች የመሰሉ ስንጥቆች አሉት። ሸተትኩት፤ ጭስ ጭስ ይላል።

«እነዚህ አፎች ለዓመታት ተዘግተው ይቆያሉ» አሉኝ። «ሰደድ እሳት ሲያልፍ በሙቀቱ ይከፈታሉ። ዘሩ የሚወድቀው አመዱ ላይ ነው።» የባንክሲያ ዓይነቱ ብዙ ነው፤ እሳት የማይጠብቅም አለ። የሳቸው ግን ይኼኛው ነው። ጎርበጥባጣ በመሆኑ ሰዉ «ሽማግሌው ባንክሲያ» ይለዋል። ይህን ስሰማ ልቤ ራደ። እህቴ ከአዲስ አበባ በስልክ «ሽማግሌ ሳይላክ ምን ሠርግ አለ?» እያለች ስታለቅስ ነው የሰነበተችው።

ባንክሲያ የተባለው በእንግሊዛዊው የዕፅዋት ተመራማሪ በጆሴፍ ባንክስ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1770 እዚያው ቅርብ፣ ቦታኒ ቤይ የሚባል የባሕር ወሽመጥ ላይ ናሙናውን ሰብስቧል። የአገሩ ቀደምት ሕዝቦች ግን ከሱ በፊት ያውቁታል። አበባውን ውኃ ውስጥ ነክረው ጣፋጭ መጠጥ ይጠጡ ነበር። ብርዝ ትዝ አለኝ።

«አበባው ለሠርግ፣ ፍሬው ለቀብር ነው?» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንድ ዛፍ ነው። ባሏን የቀበርኩላት ሴት ከዓመታት በኋላ ልጇን እንድድርላት ጠራችኝ። ሌላ ሰው አልፈለገችም።» መልስ አጣሁ። የእህቴ ባል የሞተው አምና ነው።

ሥርዓቱ አጭር ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ ያለው የአገሩ የጋብቻ ሕግ የሚያስገድደውን ቃል በእርጋታ አሉ፤ ጋብቻ በፈቃድ የሚገባ፣ ለዕድሜ ልክ የሆነ የሁለት ሰዎች አንድነት ነው። እኛ ጋ የክብር መዝገብ ሹሙ ቢሮ ገብተህ የምትሰማው ዓይነት ቃል ነው። እዚህ ግን ነፋስ አለ፣ ወፍ አለ፣ ልጅቷ ታለቅሳለች።

ሁለት ምስክር ያስፈልጋል፤ አንዷ እኔ ነኝ። ነፋሱ ወረቀቱን ሊወስደው ሲል ሴትየዋ ያንን ፍሬ ጫኑበት። ስፈርም በአማርኛ የጻፍኩትን አይተው የስሜን ትርጉም ጠየቁኝ።

«ለምለም» አልኳቸው። «ዝናብ የጠገበ ሣር እንደማለት ነው።»

ፍሬውን ትንሽ ገፋ አደረጉልኝ፤ የአባቴንም ስም ጻፍኩ።