አፍሽን አስፊ

ስሙ የተመሰገነ ይሁን፤ እስከዚህች ሰዓት ያደረሰን አምላክ ክብር ምስጋና ይድረሰው። በኪዳነ ምሕረት ፊት «እናቴን ካተረፍሽልኝ እመሰክራለሁ» ብዬ ተስያለሁና ስለቴን ልክፈል።

የምመሰክረው ስለ እናቴ ጥርስ ነው። «ጥርስም ምስክርነት ሆኖ ይወራል?» የሚል አይጠፋም። ባሕር ዳር በአንድ የጥርስ ክሊኒክ በነርስነት ነው የምሠራው፤ አንድ የተበላ መንጋጋ ሰው እንደሚገድል የሥራዬ ነገር ሆኖ አውቃለሁ።

እማዬ የምትኖረው ዘጌ፣ ቡናው ጫካ ውስጥ ነው። ልጅ እያለች አንድ የሰፈር ጥርስ ነቃይ ያለ ማደንዘዣ በጉጠት ሲጎትት የቀኝ መንጋጋዋን ከላይ ሰብሮ ሥሩን ውስጥ ትቶባታል። እጅና እግሯን የያዙት የገዛ ወንድሞቿ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ነጭ ጋዋን ካየች ነጠላዋን አፏ ላይ ትስባለች። እኔ ልጇ «እስቲ ልየው» ስላት እንኳ ዳዊቷን ትጠቅስብኛለች፦ «አቤቱ፥ ለአፌ ጠባቂ አኑር።» ምን ይመለሳል? ሌላም ምክንያት ነበራት። ከአፏ ደም እየመጣ ቤተ ክርስቲያን መግባት አይሆንም፤ ቅዳሴ ሊያመልጣት ነው። ይህን እንደ ሰበብ የሚቆጥሩ ባለሙያዎች አሉ። ለእሷ ግን ሰበብ አልነበረም፤ የንስሐ አባቷን ጠርቶ መነጋገር የሚገባው እውነተኛ ጉዳይ ነበር።

የግራው የታች መንጋጋ ሲጀምራት በቀዝቃዛ ውኃ ነው። ያ ገና ደግ ጊዜ ነው፤ ቀዳዳው ወደ ነርቩ ተጠጋ እንጂ አልደረሰም፣ ተጠርጎ ይሞላል። ቀጥሎ ትኩስ ቡና ሲነካው፣ ማታም ጋደም ስትል ይወጋት ጀመር። ስንተኛ ወደ ራሳችን የሚሄደው ደም ይጨምራል፤ የተቆጣው ነርቭ ደግሞ በደረቅ የጥርስ ግድግዳ ተከብቦ የሚሰፋበት ቦታ የለውም። የጥርስ ሕመም ሌሊት የሚብሰው ለዚህ ነው። እዚህ ከተደረሰ ነርቩን አውጥቶ ሥሩን አጽድቶ መሙላት አለ፣ አለዚያ መንቀል። እማዬ ሌላ ሌላውን ሞከረች። ቅርንፉድ ነከሰች፣ ነጭ ሽንኩርት ወተፈችበት፣ በአረቄ ተጉመጠመጠች፣ አስፕሪን ፈጭታ ድዷ ላይ አደረገች። ቅርንፉድ ለጊዜው ያደነዝዛል፣ እውነት ነው። አስፕሪን ግን የሚሠራው ተውጦ በደም ሲሄድ ነው፤ ድድ ላይ ሲቀመጥ አሲድ ነውና ያቃጥላል፤ የእሷንም ነጭ አድርጎ ላጠው። ጥርስ በጭስ እያጠነች ትል አወጣለሁ የምትል ሴት ዘንድም ሄዳ ነበር። ጥርስ ውስጥ ትል የለም፤ ያለው ከምግባችን ስኳር አሲድ የሚሠራ ባክቴሪያ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ግን ሕመሙ ጠፋ። ጭራሽ ጠፋ! ለኪዳነ ምሕረት የተሳለችውን ጃንጥላ አስገባች፣ ጎረቤቱ እልል አለ፣ እኔም በስልክ «እሰይ» አልኋት። ስልኩን ዘግቼ አለቀስሁ። ነርቩ ሲሞት ሕመሙ ይቆማል፤ መበስበሱ አይቆምም። በሥሩ ጫፍ አጥንቱ ውስጥ ሳያሳምም መግል ይቋጠራል።

እዚህ ላይ የልቤን ልናገር። በእግዚአብሔር ተቆጥቼ ነበር። «ሕመሟ ሲጎትታት ትመጣልኝ ነበር፤ አንተ ሕመሙን ወስደህ አፏን ዘጋህብኝ» አልሁት። እሷ ጸሎቷ እንደ ተሰማ ስትመሰክር እኔ የምለምነው ተቃራኒውን ነበር፤ እናት ጥርሷን እንዲያማት የሚጸልይ ልጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? መስቀልም አለፈ፣ ገናም ጥምቀትም አለፈ።

ከዚያ የመጻጉዕ እሑድ መጣ፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት ለተኛው በሽተኛ «ልትድን ትወዳለህን?» የተባለበት ወንጌል የሚነበብበት። እማዬ ከቅዳሴ ቀርታ ነበር፤ በዐቢይ ጾም ሰንበት መቅረት የእሷ ልማድ አይደለም። ከባሕር ዳር ተነሥቼ ማታ ስደርስ በምድጃው ዳር ወደ ፊት ጎንበስ ብላ አገኘኋት።

ጉንጯ ቢሆን ያበጠው እንዲያ ባልደነገጥሁ። ያበጠው ከአገጯ ሥር ነው፣ ግራም ቀኝም። በጣቴ ስጫነው እንደ ጣውላ ደረቅ ነው፤ አይሰረጉድም። ምላሷ ተነሥቶ ላንቃዋን ሊነካ ደርሷል። ምራቋን መዋጥ አቅቷት በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች፤ ያ ጫፍ ርሶ ከብዶ ነበር። አፏ አንድ ጣት አያስገባም። «እማዬ» ስላት የመለሰችልኝ ድምፅ የታፈነ፣ የእሷ ያልሆነ ድምፅ ነው።

ይህን ምልክት አንብባችሁ እንድትይዙልኝ እለምናለሁ። የታችኞቹ የኋላ መንጋጋዎች ሥራቸው የሚያልቀው የአፋችንን ወለል ከዘረጋው ጡንቻ በታች ነው። ስለዚህ ከእነርሱ የተነሣ መግል አጥንቱን በስቶ ሲወጣ ወደ አፍ ሳይሆን ወደ አንገት ይወርዳል፤ ግራና ቀኙ ተገናኝቶ ምላስን ወደ ላይና ወደ ኋላ ይገፋል። በሕክምና ሉድቪግስ አንጃይና ይባላል። ሰው የሚሞትበት ትንፋሽ ስለሚዘጋ ነው፣ አንዳንዴም በሰዓታት ውስጥ። እብጠቱ አገጭ ሥር ከሆነ፣ መዋጥ ካስቸገረ፣ ድምፅ ከተለወጠ፣ «ይንጋልንና» አይባልም።

ጎረቤቶች ገቡ። «ትንሽ ትተኛና ጠዋት በጀልባ ትወስጃታለሽ» አሉኝ በደግነት። አንዷ ጨርቅ አሙቃ ልታስርላት ነው። «አታስተኟት! አታሙቁላት! ውኃም በግድ አትስጧት!» እያልሁ ጮኽሁ። በጀርባዋ ከተኛች ምላሷ ወደ ጉሮሮዋ ይወድቃል። ሙቀት ከውጭ ሲደረግ እብጠቱን ያባብሳል። መዋጥ ያልቻለ ሰው በግድ ሲጠጣ ደግሞ ወደ ሳንባው ይገባል። ከቤቷ እስከ መኪናው መንገድ ድረስ በቃሬዛ መተኛት ስለማትችል፣ የሰፈር ወጣቶች ወንበር ላይ አስቀምጠው በሁለት እንጨት አስረው ተሸከሟት። እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ በዚያ ጨለማ፣ በዚያ ሥርና ድንጋይ መንገድ፣ አንድ ጊዜ እንኳ አላንገዳገዷትም። ባለመኪናውንም ከእንቅልፉ ቀስቅሰን ነው ያስነሣነው፤ «የነዳጅ» ብለን የሰጠነውን መለሰልን። ልጆቹን ያሳድግለት።

መኪና ውስጥ ቀጥ አድርጌ ደግፌያት ትንፋሿን እቆጥራለሁ። በሰዓቴ ላይ አንድ ደቂቃ ልቆጥር እጀምርና ቁጥሩ በመሐል ኪርያላይሶን ሆኖ ይቀራል፤ እንደገና እጀምራለሁ፣ እንደገና ኪርያላይሶን። ትንፋሽ ሲያጥራት ሆዴ ይቆረጣል፣ ሲያሻላት «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እላለሁ። መንገዱ አላልቅ አለ። አንድ ቦታ ላይ ሹፌሩ በቀስታ ሲያልፍ እጄን ያዘችኝና ጨመቀችው፤ መናገር አልቻለችም። ያን ጊዜ በእግዚአብሔር ላይ የነበረኝ ክርክር ሁሉ ከአፌ ጠፋ። «እማዬ ትትረፍልኝ እንጂ ሌላ አልፈልግም» ብቻ አልሁት።

ሆስፒታል ስንደርስ በመጀመሪያ ያዩት ጥርሷን ሳይሆን ትንፋሿን ነው፤ ትክክል ነው። ኦክስጅን ተደረገላት፣ ትንፋሿ ቢዘጋ ጉሮሮዋን የሚከፍቱበት ዕቃ አልጋዋ አጠገብ ተዘጋጀ፣ ሴፍትሪያክሶንና ሜትሮኒዳዞል የሚባሉ አንቲባዮቲኮች በደም ሥሯ ገቡ። ደሟ ሲመረመር ስኳር እንዳለባት ተገኘ፤ ቁስሉ እንዲያ የሮጠበት አንዱ ምክንያት እሱ ነው። ከዚያ ተቀምጣ እንዳለች ከአገጯ ሥር በማደንዘዣ ተከፍቶ ቀጭን የጎማ ቱቦ ተደረገላት። የወጣው መግል ጥቂት ነበር፤ ብዙውን ጊዜ እንዲያ ነው። ጥቅሙ የታመቀው እንዲላላ ነው። ሊነጋጋ ሲል ምራቋን ዋጠች። እግዚአብሔር ይመስገን! የዋጠችበትን ድምፅ ሰምቻለሁ።

አሁን ጥርሱ ቀረ። የሞተ ጥርስ ውስጥ ደም አይዘዋወርም፤ ደም ያልደረሰበት ቦታ አንቲባዮቲክም አይደርስም። መድኃኒቱ እብጠቱን ያበርዳል፤ ምንጩ ካልተነሣ ግን ይመለሳል። አፏ ሁለት ጣት ያህል መከፈት ሲጀምር ሐኪሙ መጣ። አንገቷ ሲቀደድ ዝም ያለችው ሴት «ጥርሱ» ሲባል ነጠላዋን አፏ ላይ ሳበች።

ይህ ወጣት ሐኪም የሠራውን ሥራ በሙያዬ ሰዎች ዘንድ ሁሉ ብነግር ደስ ይለኛል። ዕቃውን ከክፍሉ አስወጣ። ከእሷ ዝቅ ያለ መቀመጫ ስቦ ባዶ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። «እማማ፣ እርስዎ እሺ ሳይሉኝ ምንም አላነሣም። ምን ያደረግዎት ሰው አለ?» አላት። የዚያን የሰፈር ነቃይ ታሪክ እስከ መጨረሻው የነገረችው ለእሱ ነው፤ እኔ ልጇ እንኳ ሙሉውን አላውቀውም ነበር ለካ። ስትጨርስ እንዲህ አላት፦ «ግራ እጅዎን ካነሡ አቆማለሁ። ለምን አልጠይቅዎትም።»

ከዚያ የንስሐ አባቷን በስልክ አገናኘኋት። አባ ፈቃዳቸውን ሰጡ፤ ስኳር ስላለባትና ባዶ ሆድ ወንበር ላይ መቀመጥ ራስ ስለሚያዞር አስቀድማ እንድትበላ ነገሯት። ስለ ቅዳሴውም «ደሙ ሲቆም ትመጫለሽ፣ ኪዳነ ምሕረት የትም አትሄድብሽም» አሏት። እማዬ በለመደችው መለሰች፦ «አባቴ፣ ለአፌ ጠባቂ አኑር ይላል እኮ ዳዊት።» አባም ሳይዘገዩ፦ «እሱ ዳዊት አይደል በመዝሙር 80 "አፍህን አስፋ፥ እሞላዋለሁ" ያለው? ልጄ፣ ሐኪምንም የፈጠረው እሱ ነው፤ ሲራክን ጠይቂ። አፍሽን አስፊ።» ሳቀች። አንገቷ ላይ ፋሻ፣ ከአፏ ግማሹ እብጠት፣ ሳቀች። ነጠላውንም ለቀቀችው።

የተደረገውን ልንገራችሁ፤ የሚፈራ ሰው የማያውቀውን ነው አብዝቶ የሚፈራውና። ማደንዘዣው ሊዶካይን 2 በመቶ ከጥቂት አድሬናሊን ጋር ነው፤ መርፌው ውስጥ የሚገባው አንዱ ብልቃጥ (ካርትሪጅ) 1.8 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ለታች መንጋጋ የሚወጋው ጥርሱ አጠገብ ሳይሆን ወደ ኋላ፣ ነርቩ አጥንቱ ውስጥ ከሚገባበት በላይ ነው። አድሬናሊኑ ለአፍታ ልብን ያስመታል፤ ይህ የማደንዘዣው ጠባይ እንጂ አደጋ አይደለም፣ አስቀድሞ ሊነገር ግን ይገባል። ሐኪሙ ቀስ ብሎ ገፋ፤ ሲፈጥን ነው የሚያምመው። ከዚያ ጠበቀ። ከንፈሯ በግራ በኩል እስከ መሐል ሳይደነዝዝ አልነካትም። በመግል የተቆጣ ቦታ አሲድ ስለሚሆን ማደንዘዣው እንደ ሌላው ጊዜ አይሠራም፤ «ደንዝዞልኝ እያለ አመመኝ» የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ እውነታቸውን ነው። ለዚህ ነው እብጠቱ እስኪበርድ የጠበቀው፣ ለዚህም ነው በሾለ ዕቃ ድዷን እየነካ «ይሰማዎታል?» ያለው። ትንሽ ሲሰማት ጨመረላት።

እጇን አንድ ጊዜ አነሣች። ወዲያው ቆመ። አላመማትም፤ ቃሉን ልትፈትን ኖሯል! ከዚያ በኋላ አላነሣችም። ጉጠቱ ሲወዘውዝ ግፊትና የመንቋቋት ድምፅ ይሰማል፤ ሕመም ግን አይሰማም። ጥርሱ ሁለት ሥር ነበረው፤ አንደኛው ጫፍ ላይ ትንሽ ከረጢት ተንጠልጥሏል። እማዬ አሳዩኝ ብላ እጇ ላይ ተቀብላ አገላበጠችው። «ለዚህች ነው?» አለች።

ጎዙን ነክሳ ወደ አርባ ደቂቃ ቆየች። በመጀመሪያው ቀን መጉመጥመጥም፣ መትፋትም፣ በስትሮ መምጠጥም የለም፤ ጉድጓዱን የዘጋው የረጋ ደም ከወጣ አጥንቱ ይራቆትና በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ከጥርሱ የባሰ ሕመም ይመጣል። ከማግሥቱ ጀምሮ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ ከምግብ በኋላ። ሽሮው ቀዝቅዞ፣ በቀኝ በኩል። ቱቦውም መግሉ ሲቆም ወጣላት።

ከትንሣኤ በኋላ እማዬ ራሷ በጀልባ መጣች፤ እኔ ሳልጠራት። በልጅነቷ የቀረባት የቀኙ ሥር ተነቀለላት፣ ጥርሷም ታጠበላት። ስኳሯን ክኒን እየወሰደች ትከታተላለች። አሁን የቀራት የላይኛው አንድ ጥርስ ነው፤ ነርቩ ስለተነካ ሥሩ ይታከማል እንጂ አይነቀልም፣ ለግንቦት ልደታ ማግሥትም ቀጠሮ ተይዟል። ይህን ያደረገ የድንግል ማርያም ልጅ ክብር ምስጋና ይድረሰው። ወንበሩን የተሸከማችሁ፣ መኪናውን ያስነሣኸው ወንድሜ፣ ዶክተር፣ አባ፣ ዋጋችሁን እሱ ይክፈላችሁ። ስትጸልዩ ወለተ ማርያም ብላችሁ አስቧት፤ በመርፌው ላይ አሁንም ትንሽ ትፈራለች።