ካርቶን ላይ ያልተፈረመው

ቶሮንቶ ውስጥ ሴራሚክ ስንሠራ አለቃችን ሀንጋሪያዊ ሽማግሌ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1956 የሶቪየት ታንኮች ቡዳፔስትን ሲይዙ አገር ጥለው ከወጡት 200,000 ገደማ ሰዎች አንዱ ናቸው። ካናዳ ከነዚያ ውስጥ ከ37,000 በላይ ተቀብላለች። እኛ ሐበሾቹ ረዳቶች ጋሼ እንላቸው ነበር። እሑድ ለቤተሰብ ነው፣ ምንም ቢከፈላቸው አይሠሩም። የእንግሊዝኛ ወረቀት ስለሚያስቸግራቸው የሥራውን ሒሳብ ከተማሪነቷ ጀምሮ የምትጽፍላቸው ልጃቸው ናት።

ነገሩ የተነሣው አንድ ሕንፃ ላይ የሻወር ወለል ስንሠራ ነው። ጋሼ ላይነሩ፣ ማለት ውሃ ወደ ታች እንዳያልፍ ከሊሾው ሥር የሚዘረጋው ፕላስቲክ፣ ከመነጠፉ በፊት ከሥሩ ስሎፕ (ወደ መውረጃው የሚያዘነብል ተዳፋት) ያሠሩናል። አንድ ሲሚንቶ ለአምስት አሸዋ፣ ውሃው ትንሽ ብቻ፤ በእጅ ሲጨበጥ ቅርጹን ይይዛል እንጂ መዳፍ አያረጥብም። ከግድግዳው ወደ መውረጃው በሜትር ሁለት ሴንቲ ዝቅ ይላል። ብዙ ሰው ይህን ይዘለውና ላይነሩን በደልዳላ ጣውላ ላይ ዘርግቶ ስሎፑን ከላይ በሊሾው ብቻ ያወጣዋል። በፉጋው፣ በሴራሚኮቹ መካከል ባለው መጋጠሚያ፣ በኩል ሰርጎ የሚወርደው ውሃ ታዲያ ላይነሩ ላይ ተኝቶ ይቀራል፤ እየቆየ ሻወሩ ይሸታል፣ ሊሾው ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ላይነሩ አንድ ሚሊ ውፍረት ያለው ፒቪሲ ነው። ጥግ ላይ ይታጠፋል እንጂ አይቆረጥም፤ ግድግዳው ላይ ከሻወሩ መግቢያ ደፍ በላይ ሦስት ኢንች ይወጣል፤ ምስማር የሚያርፍበት የላይኛው ጫፉ ላይ ብቻ ነው። ከዚያ መውረጃው በጎማ ይደፈንና እስከ ደፉ ድረስ ውሃ ይሞላል። የውሃው ልክ በእርሳስ ይሰመራል፣ 24 ሰዓት ይጠበቃል።

ያን ጊዜ ላይነሩን ዘርግተን በሄድን ማግሥት የግድግዳ ሠራተኞቹ ቀድመውን ገብተው ቦርዱን እስከ ታች ድረስ በብሎን ገጥመውት አገኘን። ፎርማኑ ደግሞ ሊሾው ዛሬውኑ ይግባ አለ።

«ውሃ ሳልሞላ አልሸፍንም» አሉ ጋሼ።

«ቀኑን ሙሉ ውሃ ስታይ ልትውል ነው? ሸፍነው።»

ጋሼ ድምፃቸውን አላነሡም። ከሴራሚክ ካርቶን ቁራጭ ቀደዱና ጆሯቸው ላይ የነበረውን እርሳስ ጨምረው ዘረጉለት። «ሳይፈተሽ ይሸፈን ያልኩት እኔ ነኝ ብለህ ጻፍና ፈርምበት። አሁኑኑ እሸፍነዋለሁ።»

ፎርማኑ ካርቶኑን አየ፣ እኛን አየ። እርሳሱን ሳይነካ ወጣ።

ውሃውን ሞልተን ምሳ በላን። ጋሼ በፓፕሪካ የታሸ የአሳማ ስባቸውን በሰንጢ እየቆረጡ በሽንኩርትና በዳቦ፣ እኛ ደግሞ የአሳማ እንደማንበላ ስለሚያውቁ ባለቤታቸው ለይተው የሚልኩልንን እንቁላል።

በማግሥቱ ውሃው ከመስመሩ ሁለት ጣት ወርዶ ቆሟል። ከመካከላችን አንዱ የመውረጃው ጎማ አልያዘም አለ። ጋሼ አልተቀበሉትም። ጎማው ቢሆን ውሃው ተንጠፍጥፎ ባለቀ ነበር፤ ቀዳዳው ጎን ላይ ሲሆን ግን ውሃው እስከ ቀዳዳው ወርዶ እዚያው ይቆማል። ስለዚህ የሚፈለገው አዲሱ ልክ ላይ፣ ዙሪያውን ነው። ቦርዱን ከግርጌው ቆርጠው ሲያነሡት ከደፉ በታች የገባ አንድ ብሎን ላይነሩን ወግቶት አገኙት። ውሃው ወጣ፣ ላይነሩ ደርቆ ተጠረገ፤ እርጥብ ወይም አቧራ ያለበት ላይነር ላይ ማጣበቂያው አይዝም። ከቀዳዳው ሰፋ ያለ የዚያው ላይነር ቁራጭ በፒቪሲ ማጣበቂያ ተለጠፈ፣ ጠርዙ ዙሪያውን ተዳምጦ ተጫነ። እንደገና ሞልተን ሌላ 24 ሰዓት ጠበቅን። መስመሩ አልተነቃነቀም። ከዚያ በኋላ ነው ጋሼ የመውረጃውን ትንንሽ ማስረጊያ ቀዳዳዎች ሊሾው እንዳይደፍናቸው ዙሪያውን ጠጠር አድርገው ሊሾውን ያስገቡት።

ፎርማኑ ሥራ አጓትታችኋል ብሎ የሁለት ቀን ሒሳብ ቆረጠባቸው። ብሎኑን የገጠሙትን ማንም አልጠየቃቸውም። ይህ ዛሬም ያንገበግበኛል፤ ቀዳዳው ባይገኝ ኖሮ ውሃው ከታች ባለው ቤት ጣሪያ ይወርድ ነበር፣ ያኔም የሚጠራው ሴራሚክ ሠሪው ነው። ጋሼ ዓርብ ዕለት የኛን የሁለት ቀን ከኪሳቸው ከፈሉን።

ልጃቸው ግን ዝም አላለችም። በየወሩ ያንኑ ሒሳብ እንደገና ጻፈች፤ «የውሃ ፍተሻና በሌላ ሠራተኛ ብሎን የተወጋ ላይነር ጥገና» የሚለው መስመር ሳይጎድል። የመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ ብሎኑን ራሱን በትንሽ ላስቲክ አድርጋ አያያዘችው። በሦስተኛው ግማሹ ተከፈለ። ጋሼ ይበቃል ቢሏትም እሷ ለቀሪው ሌላ ሒሳብ ላከች። እስካሁን እንደማውቀው አልተከፈለም።

ያው ኮንትራክተር በኋላ ለሌላ ሕንፃ ጠራቸው። ሄዱ፤ የቤት ዕዳ ነበረባቸው። በአዲሱ ውል ላይ ግን የ24 ሰዓቱ ፍተሻ ከነዋጋው ለብቻው ሰፍሮ ነበር፣ በልጃቸው እጅ ጽሑፍ።